የማርያምወርቅ በሯን ያልከፈተችበት ማለዳ

የሾላ ገበያ ሰው የማርያምወርቅን «ከምትሸጠው በርበሬ እሷ ትብሳለች» ይላታል። እውነቱን ነው። ዋጋ ቀንሺ ያላትን ደንበኛ «በነፃ ልስጥህ እንዴ? እናትህ ነኝ?» ብላ ነው የምትሸኘው። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን፣ ምንያህልን፣ በዚያው በርበሬ አሳደገችው። አድጎም የአይሱዙ ሾፌር ሆነላት።

ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም ሊገባ ሲል፣ ምንያህል ጭነት ይዞ ወደ ምዕራብ ወጣ። «ለገና እመጣለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። መንገዱ ላይ የታጠቁ ሰዎች አሉ ተባለ፤ ኔትወርክ ተቋርጧል ተባለ፤ ሰንበት ብሎ ደግሞ አንድ አይሱዙ ተቃጥሎ መገኘቱ ተወራ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወይም የሚያውቀው ሰው አይናገርም።

እሷን የገደላት ይኼኛው ጥርጣሬ ነው። አገሩን ታውቀዋለቻ! በኛ ዘንድ መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ይመካከራል፣ ይደብቃል፣ ፊት ለፊትሽ ይስቃል፤ ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ እህል ሳትቀምሺ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በርሽን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ ሐዘንተኛ መሆንሽን ሰፈሩ ሁሉ ሲያውቅ አንቺ ብቻ አታውቂም።

ስለዚህ ሰፈሩን ትሰልል ጀመር። ቤቷ ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱ ላይ ነው። ግድግዳ የምትጋራት ዘሙሩድ፣ በቧንቧ ተራ ሳትጣላት ውላ የማታውቀው ዘሙሩድ፣ ድንገት ደግ ሆነች። «ወርቄ፣ አንቺ አረፍ በይ፤ ውኃውን እኔ እቀዳልሻለሁ» አለቻት። የማርያምወርቅ ባልዲዋን ይዛ ቤቷ ገባች። ስትሰድባት አንድም ቀን እንዲህ ፈርታት አታውቅም! የእድሩ ዳኛ ጋሽ ይማም ደግሞ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። በዚያ ላይ የእድሩን ድንኳን አስወጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡት።

«ማን ሞተ፣ ጋሽ ይማም?»

«ኧረ ማንም! ሻጋታ እንዳይበላው ብለን ነው።»

«በታኅሣሥ? በዚህ ደረቅ ወር?»

ጋሽ ይማም ከዘራቸውን ይዘው ወደ ድንኳኑ ዞሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ ጠፋ። ጅቡም ከእንጦጦ እየወረደ አጥሯ ሥር ይጮኻል።

ገና ሲቃረብ፣ በኖላዊ እሑድ፣ ቄሱ ስለ ነቢያት ሰበኩ። ያን ሁሉ ዘመን መሲሑን ሳያዩት እንደጠበቁት፣ ሳያዩት እንደሞቱ፣ ግን ይመጣል ማለትን እንዳልተዉ ተናገሩ። የማርያምወርቅ በነጠላዋ ውስጥ አጉረመረመች፤ «እነሱ ነቢያት ናቸው፤ እኔ በርበሬ ነጋዴ ነኝ።» እንዲያ አለች እንጂ ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ በቀጥታ ሾላ ገበያ ሄደችና አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዛች። በጾም! የገበያው ሴቶች ጉድ አሉ።

«ለማን ነው ወርቄ?»

«ለምንያህል ነዋ። ለገና እመጣለሁ ብሎኛል፤ ልጄ ደግሞ ዋሽቶኝ አያውቅም።»

አንዳቸውም አልሳቁም። ቢስቁባት ይሻላት ነበር።

በገና ዋዜማ ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። በቆርቆሮ በሯ ቀዳዳ አጮልቃ አየች። ጋሽ ይማም ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ዘሙሩድ ዓይኗ አባብጧል። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎችም አሉ፤ ጎህ ገና ስላልጠራ መልካቸው አይለይም።

በቃ፣ መጡ። የማርያምወርቅ አንድ ሙሉ ማዳበሪያ በርበሬ ብቻዋን ጎትታ በሩ ላይ ደገፈችው።

«ወርቄ፣ ክፈቺ። ልጁ ደኅና ነው» አሉ ጋሽ ይማም።

«ደኅና ነው! መርዶ ነጋሪ ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው! የባሌ ጊዜ ‹ትንሽ አሞታል› ያለኝ ማን ነበር? እርስዎ አይደሉም?»

እውነቷን ነው፤ እሳቸው ነበሩ።

«ወላሂ ወርቄ፣ እውነታቸውን ነው!» አለች ዘሙሩድ፤ ይህን ስትል ደግሞ ለቅሶ አሸነፋት። ለቅሶዋ ነገሩን ሁሉ አበላሸው።

«ካልነገራችሁኝ አልሞተም! ሂዱልኝ! ገናን እናት ሆኜ ልዋል፤ ከዚያ ትመጣላችሁ!»

ውጪ ያሉት ግራ ተጋቡ። ምን ይበሉ? ያወጡት ቃል ሁሉ መርዶ ሆኖ ነው የሚሰማት። በመጨረሻ ከኋላ አንድ የደከመ ድምፅ መጣ።

«እማዬ።»

የማርያምወርቅ ጆሮዋን ወደ ቆርቆሮው አስጠጋች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ሌሊት ነው የገባሁት። እነሱም ሞቷል ብለው ሰግተው ነበር፤ በድንገት ካየሽኝ እንዳትደነግጪ ብለው ዘሙሩድ ቤት አሳደሩኝ። እግሬ ተመትቷል፣ ብዙ መቆም አልችልም። ክፈቺልኝ።»

የሞተ ሰው እግሬን አይልም! ማዳበሪያው ላይ ተወረወረች። ቅድም ብቻዋን የጎተተችው ጭነት አሁን ንቅንቅ አልል አላት። ጣቶቿ መቀርቀሪያውን ይስቱታል። የልጇ ድምፅ ተመልሶ እንዳይጠፋ ፈራች።

«መጣሁ! ልጄ፣ ጠብቀኝ! እንዳትሄድ፣ ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ!»

«ወዴት እሄዳለሁ፣ እማዬ?» አላት ምንያህል። «ቀስ ብለሽ ክፈቺ።»