የዙሪያ ድምፅ በቡራዩ

ባለፈው ወር ለመሥሪያ ቤት ስብሰባ የሚሆን የጆሮ ማዳመጫ ገዛሁ። ከኮምፒውተሩ ጋር ሳገናኘው የዙሪያ ድምፅ እንዲከፈት እፈልግ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጥያቄው ሥር የሰው ጭንቅላት ሥዕል ነበረ፤ በዙሪያው አንዲት ነጥብ ትዞራለች፣ ድምፁም አብሯት ይዞራል። አለቃዬን ከጀርባዬ መስማት ምንም እንደማይጠቅመኝ ባውቅም ከፈትኩት። ወዲያው ቡራዩ የነበረችው የገመቹ ክፍል ትዝ አለችኝ።

ዘመኑ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን የተነሣ ተቃውሞ የበረታበት ነበር። የዩኒቨርሲቲያችን ትምህርት በመቋረጡ ቡራዩ ወዳሉት ቤተሰቦቼ ተመልሼ ነበር። ወሩ ኅዳር ይመስለኛል፤ የአዲስ ገለባ ሽታ ይታወሰኛል፣ ምናልባት ግን ከሌላ ዓመት ተቀላቅሎብኝ ይሆናል። የአምቦ መንገድ አንዳንድ ቀን በድንጋይ ይዘጋል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከልብስ አይለቅም። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ በየፊናቸው ተበትነው ስለነበር የማናግረው ሰው የጎረቤታችን የኦቦ ቱሉ ልጅ ገመቹ ብቻ ነበር።

ገመቹ በኮምፒውተር የተኩስ ጨዋታ የሚደርስበት አልነበረም። የባላጋራውን ኮቴ ከማንም ቀድሞ ስለሚሰማ የሰፈሩ ልጆች «ራዳር» ይሉት ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ደጋግሞ ይሸነፍ ጀመር፤ ጥፋቱንም በአሮጌው ማዳመጫው ላይ አላከከ። መንገድ በተከፈተ አንድ ቀን አዲስ ልንመርጥ መርካቶ ወረድን። አንደኛው ካርቶን ላይ «7.1» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ሻጩ ሰባት ድምፅ ማጉያ አለው ብሎ ማለልን።

«ታዲያ በአንድ ጆሮ ሦስት ተኩል ሊገባ ነው?» አለው ገመቹ።

ሰባቱን የሚፈጥራቸው ፕሮግራም እንደሆነ በተማሪ ኩራት አስረዳሁት። ከግራ የመጣን ድምፅ ቀኝ ጆሮ ጥቂት ዘግይቶና ደክሞ ይሰማዋል፤ ፕሮግራሙ የሚኮርጀው ያንን ልዩነት ነው። ስለዚህ ተራውን፣ ግን ድምፁ የጠራውን ማዳመጫ መርጠን ተመለስን፤ ፕሮግራሙን በነፃ አገኘነው።

እናቱ ባቀረቡልን የተቀቀለ ድንችና ሚጥሚጣ ላይ ሆነን ማስተካከል ያዝን። በመጀመሪያ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። የጨዋታውንም የፕሮግራሙንም የዙሪያ ድምፅ ባንድነት ከፍተን ኖሯል፤ የጨዋታውን ሳጠፋው ጠራ። ከዚያ የሚዞረውን የሙከራ ድምፅ ከፈትኩለት።

«ዓይንህን ጨፍንና ከየት እንደሚመጣ በጣትህ አሳየኝ።»

ቀኙን አሳየ፤ ኋላውንም አሳየ። ድምፁ ወደ ግራ ሲዞር እጁ ጉልበቱ ላይ ወረደ።

«አሁን ራቀ» አለ።

«አልራቀም። ይዞራል እንጂ ርቀቱ አንድ ነው።»

«የሰማሁትን ነው የምነግርህ፣ ወንድሜ። ራቀ። ይኸው ደግሞ ተመለሰ።»

ማዳመጫውን ገልብጬ አጠለቅሁለት። ቅድም የራቀው ቀረበ፣ የቀረበው ራቀ። ጉድለቱ ከማዳመጫው እንዳልሆነ ሁለታችንም ባንድ ጊዜ ገባን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰልፉ ስንበተን አስፋልቱ ላይ መትተው ከጣሉኝ ቀን ጀምሮ።» ማዳመጫውን አውልቆ ጭኑ ላይ አኖረው። «ለአባቴ እንዳትነግር፤ ከዚህ ያርቀኛል። ጤና ጣቢያ ብሄድም ‹የት ሆነህ ነው?› ይሉኛል።»

«ሳትታከም ልትቀር ነው?»

«አንተ ካምፓስህ ሲከፈት ትሄዳለህ። ‹ራዳር ደነቆረ› ሲሉ የምሰማው እኔ ነኝ» አለና ፈገግ አለ፤ «በግማሹም ቢሆን።»

በዚህ መካከል ኦቦ ቱሉ ከገመቹ በስተግራ ባለው በር ላይ ቆሙ። «ገመቹ፣ ኮቱ። ና እንጂ፣ ከብቶቹን እናስገባ።»

አልዞረም። ልነካው እጄን ስዘረጋ አባቱ በዓይናቸው ከለከሉኝ። በኋላው ዞረው በቀኙ በኩል ቆሙና ስሙን ዝቅ ባለ ድምፅ ደገሙት። ያኔ ቀና አለ።

«እኔ እኮ ኩራት መስሎኝ ነበር» አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም።

በማግስቱ ሱሉልታ ወዳለው አጎቱ ወሰዱት፤ ‹የት ሆነህ ነው?› ሳይል የሚያክም ሰው አጎቱ ያውቅ ነበር። ገመቹም እዚያው ቀረ። እኔ ትምህርት እስኪከፈት ከሰዓቱን ብቻዬን ተቀምጬ፣ እኔ ዘንድ የተወውን ማዳመጫ አጥልቄ ያንን ድምፅ አዞር ነበር። ቆይቶ በስልክ «ዳነልኝ» አለኝ፤ እኔም አመንኩት።

አዲሱን ማዳመጫ ከገዛሁ በኋላ ደወልኩለት፤ ባለፈው እሑድም ሱሉልታ ሄድኩ። ሯጮች ልምምድ በሚሠሩበት ዳገት አብረን ተራመድን። የተጎዳው ጆሮው ግራው እንደነበር ስለማስታውስ አውቄ በቀኙ ሆንኩ። ጥቂት እንደሄድን ዘግየት አለና በኋላዬ አልፎ በግራው አደረገኝ። ስለዚያ ሰሞን ሳወራለት «አዎ፣ አዎ» ይላል፤ ዓይኑ ግን መንገዱ ላይ ነበር።

ምናልባት በእርግጥ ድኖ ይሆናል። ምናልባት የተጎዳው ቀኙ ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት የማስታውሰው በተቃራኒው ይሆናል። ወይም ወዳጄ አውቆ በማይሰማበት በኩል አድርጎኝ ይሆናል። አልጠየቅሁትም። ከተመለስኩ ወዲህ ያችን ክፍል በሐሳቤ እያዞርኩ በሩን አንዴ በግራው፣ አንዴ በቀኙ አደርገዋለሁ። በሁለቱም ኦቦ ቱሉ ቆመው ይጠራሉ፤ በሁለቱም ገመቹ አይዞርም።