ነፋሱ እስኪበርድ ገነት ውስጥ ታግተናል

ዛሬ ጠዋት እየሳቁብን ከወደቡ የወጡት፣ ከጎናችን ጀልባቸውን ያቆሙ ጎረቤቶቻችን፣ ከሰዓት በኋላ ሸራቸው ተቀዶ፣ በሌላ ጀልባ ተጎትተው ተመለሱ።

ላልሰማችሁ፣ እኔና ባሌ ከኦክላንድ መጥተን በጋሽ ተክሌ የሸራ ጀልባ ሞቃት ደሴቶች እየዞርን "ቫኬሽን" ላይ ነን። ጋሽ ተክሌ የምጽዋ ልጅ ናቸው፤ ሳን ፓብሎ የነበራቸውን ሱቅ ሸጠው ነው ጀልባዋን የገዟት።

ቫኬሽን ማለት ለካ መልህቅ ጥሎ፣ የቆርቆሮ ቱና እየበሉ፣ ነፋሱ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ፎቶዬ ሥር "ዋው፣ ገነት!" ያላችሁኝ ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ።

ችግሩ፣ እህቴ ቅዳሜ ሳን ሆዜ ታገባለች። ሚዜዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ኤርፖርቱ ያለው ከባሕሩ ማዶ፣ ሌላ ደሴት ላይ ነው።

ጎረቤቶቹ ሲወጡ ስላየሁ፣ "ጋሽ ተክሌ፣ በእናትዎ እኛም እንውጣ" ብዬ አለቀስኩ።

"ልጄ፣ ብትረግሚኝም በዚህ ባሕር አልወስድሽም" አሉኝ።

ባሌ፣ ጀግናው፣ "እሳቸው ያሉት ይሁን" ብሎ ተመልሶ ተኛ። ሁለቱንም አኮረፍኳቸው።

የተቀደደውን ሸራ ሳይ ግን ኩርፊያዬን ተውኩ። ጋሽ ተክሌን ይቅርታ ጠየቅኩና እህቴን ኮል አደረግኳት።

"የምደርስ አይመስለኝም" አልኳት።

"ከምትሰምጪ ብትቀሪ ይሻለኛል" አለችኝ እያለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ፣ "የሚዜ ቀሚስሽን ግን የአክስታችን ልጅ ለክታው ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? እሷ ላይ ነው የሚያምረው" አለችኝ።

እናንተንስ የአየር ጠባይ ከየትኛው ሰርግ አስቀራችሁ? ጻፉልኝ፤ ለማንበብ ጊዜ ሞልቶኛል።