ጠጉር የጎረሰች ማርሚታ

ሞላሌ ውስጥ ወንዳፈራሁ በያጁን የማያውቅ የለም። በር ይሠራል፣ የተሰበረ አልጋ ይጠግናል፣ ፋታ ሲያገኝ ደግሞ አውሮፕላን ይሠራል። አዎ፣ አውሮፕላን! ክንፉን ከቱቦና ከሸራ አበጅቶ ካረጀች ቮልስ የፈታውን ሞተር ገጠመለት። መከራው ግን ክንፉ ሳይሆን ጩኸቱ ሆነ።

መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሣው በጎች በሚግጡበት የወል ሜዳ ላይ ነው፤ ሌላ ደልዳላ መሬት የት አለና! በጎቹ እግሬ አውጪኝ አሉ። የእማማ የትምወርቅ እርጉዝ በግ ደንብራ ጨነገፈች። በማግስቱ የነፍስ አባቱ መምሬ ይሥሐቅ መጥተው፣ «ይህን ጉድ ዳግመኛ እንዳታስነሣ ገዝቼሃለሁ!» አሉት። ግዝት ነው እንግዲህ፤ ማን ደፍሮ ይጥሳል? ለምኖ ለምኖ ያገኘው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ሞተሩን በበጎቹ መሐል ያስነሣል፤ መምሬ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ደግመው እስኪጨርሱ ሞተሩ ሳይጠፋ በጎቹም ሳይሸሹ ከቆዩ ግዝቱ ይፈታል። አለዚያ አውሮፕላኑ ተቆራርጦ በርና መስኮት ይሆናል።

ድምፅ የምታፍን ማርሚታ ያስፈልጋል። የቮልሷን ዝገት በልቷታል። ከቧንቧ አዲስ ልሥራ ቢል፣ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱ እየጎበጠ አንዱ አፍ ሲገጥም ሌላው ይስታል። ይቆርጣል፣ ይበይዳል፤ እንደገና ይቆርጣል። «ኧረ ምን በድዬሽ ነው አንቺ!» ብሎ በመዶሻ ሊፈጠፍጣት ሁሉ ቃጥቶታል። እንደምንም ገጠመች።

ግን ባዶ ቧንቧ ድምፅ አያፍንም። ስልኩ ላይ አንድ ፈረንጅ ማርሚታ ሲሠራ አየ፤ ሰውዬው በቱቦው ዙሪያ ነጭ፣ ለስላሳ ነገር ይጠቀጥቃል። ወንዳፈራሁ ቋንቋውን ባይሰማም እጁን አየ። መንዝ ተወልዶ ያደገ ሰው ነጭና ለስላሳ ነገር ሲያይ ከበግ ጠጉር ሌላ ምን ይጠረጥራል? ሚስቱ መንበረ ለእሱው የሚደርበውን ባና ልታሠራበት ያጠራቀመችውን ጠጉር ማርሚታዋ ውስጥ ጠቀጠቀው።

«ክረምት ሲመጣ አውሮፕላንህን ትለብሳለህ!» አለችው መንበረ።

የሙከራው ቀን ሞተሩ ተነሣ። በጎቹ ቀና ብለው አዩና ሣራቸውን መጋጥ ቀጠሉ። ወንዳፈራሁ በደስታ ሊያብድ! መምሬም ውዳሴያቸውን ጀመሩ፤ በሌላ ቀን የሚፈጥኑት ሰው ዛሬ ቃል በቃል፣ እያዜሙ።

ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተ። ሞተሩ ታንቆ ያቃስት ጀመር። ያረረው ጠጉር የጭሱን መውጫ ደፍኖታል፤ አሁኑኑ ካላጠፋው መቃጠሉ ነው። ካጠፋው ደግሞ ግዝቱ አይፈታም።

«መምሬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ቶሎ ይበሉልኝ!»

«የእሷን ምስጋና ነው የምታስቸኩለኝ? ይኸው አቋረጥከኝ!» ብለው አንቀጹን ከሥሩ ጀመሩት።

ወንዳፈራሁ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። መምሬ የመጨረሻውን ቃል ብለው ሲያማትቡ ሞተሩ ቋ አለና ቆመ። ፕሮፔለሩን በሁለት እጁ ይዞ ቢታገል ንቅንቅ የለም፤ ፒስተኖቹ በሙቀት ተጣብቀው ቀርተዋል። ያን ሁሉ ልፋት! እንባው መጣ።

መምሬ ግን ዓይናቸው በጎቹ ላይ ነበር። አንዲትም አልሸሸችም። መስቀላቸውን አወጡ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፤ ቃሌ ቃል ነው። ከእንግዲህ እንደ ልብህ አስነሣው» አሉት።

መስቀሉን ተሳልሞ አውሮፕላኑን ወደ ቤቱ መግፋት ጀመረ። በጎቹ ከመንገዱ እንኳ ዘወር አላሉለትም።