ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም

ለሃያ ስድስት ዓመት ከእትዬ ኦዴሳ ፕሩት ጋር አጥር የተጋራሁ ሰው ነኝና ሳልደብቅ ልናገር፤ ሴትዮዋ ደረቅ ነበሩ። ደረቅ! ቬርነን ጎዳና ጥግ ላይ የቆመውን ሰሌዳ ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ኳስ መጫወት ክልክል ነው፣ ሙዚቃ ማስጮህ ክልክል ነው፣ መንገድ ላይ መኪና ማጠብ ክልክል ነው ይልና ከታች የመንገዱ ነዋሪዎች ማኅበር ተብሎ ተጽፎበታል።

ማኅበሩን በሊቀመንበርነት ሃያ ሁለት ዓመት መርተዋል። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ ቤታቸው ምድር ቤት ስብሰባ አለ። ሠላሳ ታጣፊ ወንበር ይደረደራል፣ ካራሜል ኬክ ይቆረጣል፣ ከዚያ እኔና እሳቸው ብቻ እንቀመጣለን።

ሌላው ሰው የት ገባ? እኔ ቺካጎን ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቼባታለሁ፤ ከሐይቁ ዳር ተነስቼ ወደ ምዕራብ፣ ደርሼ መልስ። ሰው ሲያልቅ ያየሁት መሪ ይዤ ነው። መጀመሪያ የብረት ፋብሪካው ሠራተኞች ከፌርማታው ጠፉ። ቀጥሎ ልጆቻቸው ሻንጣ ይዘው ተሳፈሩ፤ አያቶቻቸው ጥለውት ወደ መጡት የአሜሪካ ደቡብ ተመለሱ። የቀሩት ሽማግሌዎች አንድ ባንድ ሞቱ። በየቤቱ አዲስ ሰው ገባ፤ መጥፎ ሰዎች አይደሉም፣ ግን ከሥራ ይመጣሉ፣ በር ይዘጋሉ፣ በቃ። ይህን ሁሉ ሚሊዮን ሕዝብ በያዘ ከተማ አንድ ሰው እንኳ ደህና ዋልክ ሳይለኝ የመሸበት ቀን ስንት ነው!

እትዬ ኦዴሳ ግን ስም ይጠራሉ። የሃያ ዘጠኝ ቤት ስም!

«አቶ ኤልስዎርዝ ፕሩት!» ይላሉ። ባላቸው ናቸው፤ ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል። ማሞቂያው አጠገብ ያለችውን የባላቸውን ወንበር አየት አድርገው ጥቂት ይጠብቃሉ። ከዚያ «የሉም» ብለው ይጽፋሉ።

«ኧረ እትዬ፣ የሞተውን እንኳ ይሰርዙት!»

«ደንቡ ምን ይላል፣ አቶ ሜብሪ? አባል የሚሰረዘው በጉባኤ ውሳኔ ነው። ጉባኤ የሚባለው ሰባት ነዋሪ ሲገኝ ነው። ሰባት ነን?»

«አይደለንም።»

«እንግዲያው ሞቶም አባል ነው። ኬክዎን ይብሉ።»

ስብሰባ ላይ አቶ ሜብሪ ነኝ፣ እርስዎ ነኝ። ስብሰባው ሲዘጋ ወዲያው አንተ ሮስኮ እሆናለሁ።

ልጃቸው ጄኔቫ አትላንታ ቤቷ ውስጥ ክፍል አዘጋጅታላቸው ሦስት ዓመት ለመነቻቸው። ወይ ፍንክች! «ምትክ ሳይመረጥ ወንበር ጥዬ አልሄድም» ይላሉ። ምርጫው ደግሞ ያው ሰባት ሰው ይፈልጋል። «ለምን ሰው አሰባስበህ አንተ አትይዘውም?» ሲሉኝ «ምን ቆርጦኝ!» እላለሁ። እውነቱን ብናገር ግን ፈርቼ ነው። እሳቸው ከሄዱ በዚያ መንገድ ላይ ስሜን የሚጠራ ሰው አይኖርም።

ባለፈው ጥቅምት መኪናዬን ደጄ ላይ አጠብኩ። ቅዳሜ ስመጣ ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍረውኛል፤ «አቶ ሜብሪ ደንብ ተላልፈዋል።» ደሜ ፈላ።

«ማን እንዲያነበው ነው? ለሙታኑ ያንብቡላቸው!» ብዬ ወጣሁ።

የኅዳሩን ስብሰባ ቀረሁ። አኩርፌ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ሳይ የምድር ቤታቸው መብራት አልጠፋም። አንዲት አምፖል በከንቱ የማያበሩ ሴት! ሮጬ ሄድኩ። ባስቀመጡልኝ ትርፍ ቁልፍ ከፍቼ ገባሁ።

ስብሰባውን ዘግተው ሲወጡ ደረጃው ላይ እግራቸው ከድቷቸው፣ ከታች ወድቀዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

«ሮስኮ ነህ?» አሉኝ። «ዘገየህ።»

አምቡላንስ ከወሰዳቸው በኋላ መብራት ላጠፋ ተመለስኩ። የኔ ኬክ በሳህን ተከድኖ ተቀምጧል። አጠገቡ መዝገቡ ተከፍቷል፤ «የተገኘ፦ አንድ ሰው። ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም» ይላል። እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

በጥር መራመጃ ተደግፈው ተመለሱ። ሐኪሙ ብቻዎን መኖር አይችሉም ብሏል፤ ጄኔቫ ልትወስዳቸው መጥታለች። እሳቸው ግን «ምርጫ!» አሉ። ያኔ እኔ፣ የሰው በር ማንኳኳት እንደ ሞት የምጠላው ሮስኮ ሜብሪ፣ በበረዶ ሃያ ሰባት በር አንኳኳሁ። አራት ሰው አገኘሁ፤ አንዲት ነርስ፣ ኢግናሲዮ የሚባል አናጢ፣ የጥጉን ቤት የገዙ ሁለት እህትማማቾች። የየካቲት የመጀመሪያ ቅዳሜ ምድር ቤት ስንሰበሰብ ከእኔና ከእትዬ ኦዴሳ ጋር ስድስት ሆንን። አንድ ጎደለ።

«ጄኔቫስ?» አልኩ።

«ነዋሪ ናት?» አሉኝ። ልጅቷ ራሷን ያዘች።

የአዲሶቹን ስም መዘገቡና ጥሪ ጀመሩ። የቀሩትን ሁሉ አንድ ባንድ የሉም እያሉ ወረዱ።

«አቶ ኤልስዎርዝ ፕሩት!»

እንደ ልማዳቸው ወንበሯን አይተው ጠበቁ። እኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤

«አሉ!» አልኩ።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ አለቀልኝ፣ አሁንም ሊጽፉኝ ነው ብዬ ነበር። ዓይናቸው ወደ ወንበሯ ተመለሰና እዚያው ቆየ። ከዚያ «አሉ» ብለው ጻፉ።

«ሰባት» አሉ። «ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል። ለሊቀመንበርነት ማንን ትጠቁማላችሁ?»

«እኚህን ሰውዬ!» አለ ኢግናሲዮ። «በሬን ሊሰብሩት ነበር እኮ!»

ሁሉም ሳቀ።

«ይቀበላሉ፣ አቶ ሜብሪ?»

«እቀበላለሁ» አልኩ። ስብሰባ የሚከፍቱባትን ትንሽ የእንጨት መዶሻ ሲያስረክቡኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «መኪናህን ጓሮ እጠብ፣ አንተ ሮስኮ» አሉኝ።

በማግስቱ ሄዱ።

የመጋቢት የመጀመሪያ ቅዳሜ ወንበሮቹን በእኔ ቤት ምድር ቤት ደረደርኩ። ኬክ መጋገር አልችልም፤ ገዛሁ። ነርሷ ተረኛ ነች። ኢግናሲዮ ሥራ አለው። እህትማማቾቹ በሚቀጥለው ወር እንመጣለን አሉ። አራት ሰዓት ሲሞላ መዶሻዋን መታሁና ስም ጥሪ ጀመርኩ።

«ወይዘሮ ኦዴሳ ፕሩት!»

እሳቸው ባላቸውን እንደሚጠብቁት ጠበቅኩ። አሉ ብዬ ልጽፍ እጄን ዳድቶት ነበር። ከዚያ ቁጣቸው ታወሰኝና «የሉም» ብዬ ጻፍኩ።

«አቶ ሮስኮ ሜብሪ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

«አለሁ» አልኩ።

የተገኘ፦ አንድ ሰው ብዬ ጻፍኩና ኬኩን ቆረጥኩ።