የማኅደሯ ሥዕል

ይህን ነገር ለማንም ነግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስንት ጊዜ ተናዝዣለሁ፤ ሐሜቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም ሁሉ ስዘረዝር ይህችን አንዷን ዘልያታለሁ። «አባ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለች የጥፍር ያህል ሥዕል ከፍቼ ሁለት ቁጥር አቀያየርኩ» ብላቸው ይስቁብኛል ብዬ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። ውሸት ነው። እንደማይስቁ አውቅ ነበር። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ከእናንተ ቀጥሎ ለወንድሜ።

ያደግነው ባሕር ዳር ነው፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር። አባቴ ኮሌጅ ውስጥ የወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ የቤት ኮምፒውተሩን ትቶለት ሄደ፤ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ፣ ያኔም ቢሆን ጊዜው ያለፈበት ዕቃ። አባቴ ዞር ብሎም አላየው። በአምስት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ዘሪሁን ግን ፍቅር ያዘው። ጋሼ ነው የምለው። ጋሼ ትእዛዞችን መስመር በመስመር ይጽፍና ከአንዲት ትንሽ ሥዕል ጋር ያያይዛቸዋል፤ ሥዕሏን በማውሱ ሁለቴ ጠቅ ስታደርጋት ኮምፒውተሩ ያን ሁሉ ትእዛዝ በተራ ይፈጽማል። ለእኔ የዓሣ ሥዕል ሠራልኝ። ዓሣዋን ስነካት «እንኳን ደህና መጣሽ እማማ» የሚል ጽሑፍ ይወጣና ጨዋታዬ ይከፈታል። እማማ የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመቴ እንደ ባልቴት ታጉረመርሚያለሽ ይለኝ ነበር። አንድ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀምጠን፣ ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ እያስተማረኝ፣ ስሳሳት በጉልበቱ ገፋ እያደረገኝ። እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች እንዴት እንደሚናፍቁኝ! ልጆች ወልጄ፣ ቤት ሠርቼ፣ አሁንም ይናፍቁኛል።

ከዚያ የኔታ ላእከ መጡ። የአባቴ አጎት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐይቁ ደሴቶች በአንዷ ላይ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ዓይናቸው ሲደክም ለሕክምና እኛ ቤት አረፉ። ቅኔ በበዓሉ ቀን አንድ ጊዜ ይባልና ያልፋል፤ ለሚቀጥለው በዓል አዲስ ይቀኛሉ እንጂ ያንኑ አይደግሙም። የየኔታ ቅኔ ሁሉ በቃላቸው ብቻ ነበር፤ አንዱም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ጋሼ እንጻፈው ብሎ ሳምንት ሙሉ ለመናቸው። እሺ ያሰኛቸው ግን ልመናው አይደለም። የግእዙን ፊደል ነጥብ በነጥብ ሥሎ አስገባውና ቴሌቪዥኑ ላይ አሳያቸው፤ እያንዳንዱ ፊደል እንቁላል ያህላል። ብራና ላይ ፊደል መለየት ከተሳናቸው ዓመት አልፏቸው ነበር።

«አየሁት! ሀ ነው፤ እነሆ ለ! እግዚአብሔር ብርሃኑን ያሳይህ ልጄ» አሉና አለቀሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ የኔታ ይናገራሉ፣ ጋሼ ይጽፋል፣ እሳቸው ከቴሌቪዥኑ እያነበቡ ያርማሉ። የኮምፒውተሩ የራሱ ማስቀመጫ ጠባብ ስለነበር ቅኔው በዲስክ ነበር የሚያዘው። ጋሼ ሁለት ሥዕል ሠራላቸው። የታንኳዋ ሥዕል ጽሑፉን ትከፍታለች። የማኅደሯ ሥዕል፣ የዚያች የዳዊት መያዣ ቆዳ፣ ሥራውን ትዘጋለች፤ በአንደኛው ማስገቢያ ያለውን የቅኔ ዲስክ እንዳለ በሁለተኛው ማስገቢያ ባለው መጠባበቂያ ላይ ትቀዳዋለች፣ በፊት የነበረበትን አጥፍታ። ጢስ ዓባይ አፍንጫችን ሥር ሆኖ መብራቱ በየቀኑ እልም ስለሚል ያለ መጠባበቂያ አይሆንም። ማኅደሯን የሚነኳት ግን የኔታ ራሳቸው ነበሩ። «መጽሐፌን ሌላ ሰው ዘግቶልኝ አያውቅም» ይላሉ። ያማትባሉ፣ ጋሼ እጃቸውን ማውሱ ላይ ያሳርፍላቸዋል፣ ጠቅ ጠቅ።

ለእኔ ወንበሩ ላይ ቦታ ጠፋ። ይህን ቻልኩት። አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ስከፍት ግን ዓሣዬ የለችም።

«ገጹ ላይ ቦታ ጠቦኝ አነሣኋት እማማ፤ የኔታ ሲጨርሱ እመልስልሻለሁ» አለኝ ጋሼ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጠብቃል። እኔ ቅናት አንገበገበኝ። በማግሥቱ ጠዋት ጋሼ ከቤት ሲወጣ ማኅደሯ ውስጥ ያለውን ትእዛዝ ከፈትኩ፤ አከፋፈቱን ያስተማረኝ እሱ ነው። «ከአንድ ወደ ሁለት» የሚለውን «ከሁለት ወደ አንድ» አደረግኩት። እኔ ነኝ ያደረግኩት። በገዛ እጄ፣ አውቄ። ሐሳቤ የዚያን ቀን ሥራ ብቻ እንዲጠፋና የኔታ ተሰላችተው እንዲተዉት ነበር። ጋሼ በዋዜማው ማታ አሮጌው መጠባበቂያ አልነበብ ብሎት ጥሎት፣ አዲስ ባዶ ዲስክ እንደተካ አላወቅኩም። አለማወቄ ያቀልልኛል? የአንዲቷ ቀን ሥራስ ብትሆን የማን ልፋት ነበረች?

ከሰዓት በኋላ በር ላይ ቆሜ አየሁ። የኔታ አማተቡ። «የኔታ፣ ይቆዩ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት። አላልኩም። ጣታቸው ጠቅ ጠቅ አደረገ፤ ባዶው ዲስክ በቅኔው ላይ ተቀዳበት።

በማግሥቱ ታንኳዋ ስትነካ ምንም አልከፈተችም። ጋሼ ዲስኮቹን አወጣ፣ አስገባ፣ እንደገና አወጣ። ሁለቱም ባዶ ናቸው። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከየኔታ እግር ሥር ወደቀ።

«የኔታ፣ ይፍቱኝ! ዲስኮቹን አቀያይሬ የከተትሁ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት!»

የኔታ ጎንበስ ብለው ትከሻውን ያዙት። «ተነሥ ልጄ። የነካው የእኔ እጅ አይደለም? አንድ ጊዜ ተብሎ ያለፈውን ልሰብስብ ማለቴ ስስት ነው። እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

ሁለቱም ጥፋቱን ተሻሙት። እኔ ጥግ ይዤ አለቀስኩ። የኔታ ድምፄን ሰምተው በዳበሳ መጡና ራሴን እያሻሹ፣ «አይዞሽ፤ ይህች ልጅ ለእኛ ብላ አንጀቷ ተላወሰ» አሉ። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። እጃቸው ራሴ ላይ ሆኖ ዝም አልኩ!

የኔታ እንደገና እንጻፍ ቢባሉ እምቢ አሉ። በጀልባ ወደ ደሴታቸው ተመለሱ፤ ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። ጋሼ ኮምፒውተሩን በማዳበሪያ ጠቅልሎ አልጋ ሥር ከተተው። አንድ ቀን መሐንዲስ ይሆናል ያልነው ልጅ ዛሬ ቆጋ የመስኖ ውኃ እየከፈተ ይዘጋል። ሥራው ክብር አለው፤ ግን እሱ የመረጠው አይደለም። ስልኬ ሲበላሽ እይልኝ ስለው፣ «እኔን ማሽን አታስነኪኝ፤ እጄ አይባረክም» ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬው እስቃለሁ። ይህ ሳቅ ራሱን የቻለ ኃጢአት ነው።

ባለፈው ሳምንት የወላጆቻችንን ቤት ሳጸዳ ማዳበሪያውን አገኘሁት። ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር አገናኘሁትና ፈራ ተባ እያለ በራ። ታንኳዋ አለች። ማኅደሯም አለች፤ ስከፍታት «ከሁለት ወደ አንድ» ይላል፣ እንዳደረግኩት። ጋሼ አንድም ቀን ከፍቶ አላየውም፤ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አልተጠራጠረማ። ሌሎቹን ስፈትሽ «የእማማ» የሚል ስም ያለው ማኖሪያ አገኘሁ። ዓሣዬ እዚያ ውስጥ ነበረች። አላጠፋትም ነበር። ሁለቴ ጠቅ አደረግኳት።

«እንኳን ደህና መጣሽ እማማ።»

ብዙ አለቀስኩ፤ ግን ለቅሶዬን ከዚህ በኋላ አላምነውም።

ጋሼ ቅዳሜ ከቆጋ ይመጣል። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ፣ ማኅደሯን ከፍቼ እጠብቀዋለሁ። ልጅ ነበርኩ አልለውም። ስለ ባዶው ዲስክም አላነሣበትም። ይቅር ይበለኝ አይበለኝ የእሱ ፈንታ ነው፤ ይፍታሽ የሚሉኝ የኔታ የሉም። በዚህ ጊዜ ግን በር ላይ አልቆምም። አጠገቡ ተቀምጬ፣ መስመሯን ሳያነባት በፊት በአፌ እነግረዋለሁ፦ ጋሼ፣ ዲስኮቹን በትክክል ነበር የከተትሃቸው።