የጎረቤቴ የምስክርነት ቃል

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ባሮ ላይ የምትሠራ የሞተር ጀልባ ነበረችኝ። መድን እንድገባላት የመከረኝም ጎረቤቴ ነው። አንድ ቀን ከኢታንግ ስንመለስ፣ "ወንድሜ፣ ይችን በቆሎ ጫንልኝ" አለኝ። ጀልባዋ ሞልታ ነበር፤ እምቢ ማለት ግን አሳፈረኝና ጆንያዎቹን ጫንኩለት። መንገድ ላይ ውሃ ገብቷት ሰጠመች። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም።

ለመድን ድርጅቱ ሳመለክት ምስክሬ እሱ ነበር። ከወራት በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግን፣ ከአቅም በላይ ስለተጫነች ካሳ አይከፈልም ይላል። የሱ የምስክርነት ቃል ተያይዟል። በቆሎው የማን እንደነበር አልተናገረም።

ቤቱ ሄጄ፣ "ጭነቱ የማን ነበር?" አልኩት።

"የጠየቁኝን ብቻ ነው የመለስኩት" አለኝ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ።

ሌላ ጀልባ መግዛት አልቻልኩም። ከሱ ጋር ግን ብዙ ዓመት ጎረቤት ሆነን ኖርን። ሰላምታ አልነፈግኩትም፤ ቤቴ ግን ዳግመኛ አላስገባሁትም።