ሁለቱ የጁላይ ቀኖች

ጋሽ ጥሩሰው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በአዘቦቱ ቀን አትላንታ መሀል ባለ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ ይሠራሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን ያስተምራሉ። አገር ቤት የታሪክ መምህር ነበሩ።

ገና ወጣት መምህር ሳሉ፣ በደርግ ጊዜ፣ የድል በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። አንድ ተማሪ ለምን ብሎ ጠየቃቸው። መጋቢት 28 አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት፣ ሚያዝያ 27 ግን ንጉሡ ተመልሰው የገቡበት ቀን መሆኑን፣ ንጉሡን ያወረደ መንግሥትም የእሳቸውን ቀን ማክበር እንደማይሻ ነገሩት። በማግስቱ ቀበሌ ተጠሩና አሥራ ዘጠኝ ቀን ታሰሩ። ሲፈቱ ወደ ክፍላቸው ቢመለሱም ከመጽሐፉ ውጪ ትንፍሽ አላሉም። በዓሉ ኋላ ወደ ቀድሞ ቀኑ ሲመለስ እንኳ እሳቸው ዝም እንዳሉ ነበሩ።

አፋቸው የተፈታው አትላንታ ነው። አምና አንድ እሑድ ስለ አሜሪካ የነጻነት ቀን ሲያስተምሩ፣ የያኔው የአሜሪካ ጉባኤ ከእንግሊዝ ለመለየት ድምፅ የሰጠው ጁላይ ሁለት እንደነበር፣ ጁላይ አራት የጸደቀው አዋጁ እንደሆነ፣ ሕዝቡም ወረቀቱ ላይ የታተመውን ቀን በዓል አድርጎ እንደቀረ አብራሩ። ኤርፖርት መንገደኞችን በዊልቸር የምትገፋው፣ ከከተማው ወጣ ብላ ሊቶኒያ የምትኖረው ፋናዬ ከፊት ተቀምጣ ሁሉንም ጻፈች።

ከወር በኋላ ፋናዬ ለፈተና ቀረበች። የነጻነት ቀን መቼ እንደሚከበር ስትጠየቅ ጁላይ ሁለት ብላ መለሰች። ለማለፍ የጎደላት አንድ ጥያቄ ነበር።

ጋሽ ጥሩሰው ይህን በሰሙ ማግስት ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ሊቶኒያ ሄዱ። ልጇ ኑሃሚን በር ከፈተችላቸው። ገብተው ሳይቀመጡ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከእንግዲህም ማስተማሩን ለሌላ ሰው እንደሚተዉ ተናገሩ።

ፋናዬ ወንበር ሳበችላቸው።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጥያቄ ሸመደድኩት እንጂ አልገባኝም። የገባኝ ያ አንዱ ብቻ ነው።»

«እሱ አይደል እንዴ የጣለሽ?»

«የጣሉኝ ሌሎቹም ናቸው፤ ፈታኙ ሰውዬ ፊት ስቀመጥ ጠፉብኝ። እሱን ግን እርግጠኛ ሆኜ ነው የመለስኩት። እርስዎ ከተዉት ማን ያስረዳናል?»

ያ ስለ ድል በዓሉ የጠየቃቸው ተማሪ ትዝ አላቸው። እሳቸው ከታሰሩ በኋላ ልጁ ምን ተሰምቶት እንደነበር አንድም ቀን ጠይቀውት አያውቁም።

እሑድ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈሉት። በግራ በኩል «ለፈተናው»፣ በቀኝ በኩል «የሆነው» ብለው ጻፉ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ግራውን በቃላቸው እስኪይዙ ወደ ቀኙ አልሄዱም። ፋናዬ ከሁሉም ቀድማ መጥታ ነበር።

ሁለት ወር አልፎ በድጋሚ ስትፈተን ስለ ጁላይ የጠየቃት የለም። አልፋ ወጣችና እዚያው ከሕንፃው ደጃፍ ደወለችላቸው። ጋሽ ጥሩሰው በሥራ ሰዓት ስልክ አንስተው አያውቁም፤ የዚያን ቀን ግን በሩ ላይ ካለችው የክፍያ መቀበያ ዳሳቸው ወጥተው፣ መኪኖቹ ተደርድረው ጥሩምባ እየነፉባቸው፣ እያንዳንዱን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰች አንድ በአንድ አስነገሯት።